ከሰልፉ ጎን ያለው በር

ነጋዴ በወረርሽኝ ጊዜ ክትባት ያስመጣ ወይስ አያስመጣ የሚለው ጥያቄ ላንዳንዱ አንባቢ ጊዜው ያለፈበት ሊመስለው ይችላል። የኮቪድ ነገር ተረስቷል፤ ጭምብሉም ከኪሳችን ከወጣ ቆይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ያወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቷል። ታዲያ እናንተ ልጆች ምን ቀሰቀሳችሁ? ብንባል መልሳችን አጭር ነው፦ ዘይት።

አዲስ አበባ የኖረ ያውቀዋል። ሸማች ሱቅ ዘይት መጣ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ፌስታሉን ይዞ ይወጣል። አዛውንቱ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ተራውን በድንጋይ አስይዞ ቡና ሊጠጣ የሚሄድም አለ። ያው ዘይት ከሰልፉ ሃያ ርምጃ ርቆ ከባለ ሱቁ ዘንድ ተደርድሮ ይታያል፤ ሌላ የሆነው ዋጋው ብቻ ነው። ያለው ሰው ሰልፉን አየት አድርጎ ያልፍና ገዝቶ ይገባል። በዚህ ጉዳይ ማታ ማታ ስንጨቃጨቅ ከመካከላችን አንዱ፣ የታሪክ ተማሪ ነው፣ «ባለ ሱቁ ምን አጠፋ? እሱ ባይኖር ሰልፉ ይረዝማል እንጂ አያጥርም» አለ። ሌላው ደግሞ «ዘይቱን ከየት አመጣው? ከሰልፉ ላይ አይደለም እንዴ!» ሲል መለሰ። ወደ ክትባቱ የወሰዱን እነዚህ ሁለት አነጋገሮች ናቸው። ዘይት ለነገ ቢያድር ወጥ ይቀጥናል፤ ክትባት ለነገ ሲያድር የሚሆነውን ግን ሁላችንም በልጅነታችን አይተነዋል።

ለሚረሳ ሰው እናስታውስ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እኛም ደብተራችንን ይዘን ቤት ገባን። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክትባቱ ተጀመረ። ከጥቂት ቀናት በፊት፣ የካቲት 28 ቀን፣ ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ አሠራር በኩል 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት ቦሌ ገብቶ ነበር። ቁጥሩ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ፣ ያውም አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እየተወጋ፣ ሲካፈል ግን ከመቶ ሰው አንዱን ብቻ የሚያዳርስ ነው። ኮቫክስ ራሱ ያቀደው በመጀመሪያው ዙር ከየአገሩ ሕዝብ ሃያ በመቶውን ለመድረስ ነበር። ስለዚህ ተራ ወጣ፤ በቅድሚያ የጤና ባለሙያው፣ ከዚያም አዛውንቱና ነባር ሕመም ያለበት። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ከሰልፉ ጅራት ነበርን፤ መሆንም ነበረብን።

ከመካከላችን የአንዱ አያት ያን ጊዜ ሰባውን አልፈዋል፤ ደም ግፊትም ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ በእግራቸው ጤና ጣቢያ ደርሰው «እማማ፣ ገና ነው፤ እንጠራዎታለን» ተብለው ተመለሱ። በሞያሌ መስመር የሚነግድ ልጃቸው፣ ማለትም የጓደኛችን አጎት፣ በዚያው ሰሞን ስልክ ደወለ። «ናይሮቢ በገንዘብ ይወጋሉ አሉ፤ የሩስያው መጥቷል፤ እማማን ልውሰዳት» ይላል። ቤተ ሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዲቱ ልጃቸው «ካላት ትሂድ እንጂ! እናት ሁለት የለንም» አለች። አባትየው «የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ቁጭ ብሎ?» አለ። ጓደኛችን ይህን ሲያወራልን የማን ወገን እንደነበረ ጠየቅነው፤ «ከአክስቴ ጋር ነበርኩ» አለ፤ እስከ ዛሬም ከዚያው አልተነቃነቀም። ነገሩን የቋጩት ግን አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው፤ ፓስፖርት አልነበራቸውም። ተራቸው ደርሶ በጤና ጣቢያቸው ተወጉ።

ናይሮቢ ምን ሆኖ ነበር? ኬንያም እንደኛው ከኮቫክስ አንድ ሚሊዮን ያህል አስትራዜኔካ የካቲት 24 ቀን 2013 ተቀብላለች። በመጋቢት ወር ደግሞ አንድ የግል አስመጪ ስፑትኒክ ቪ የተባለውን የሩስያ ክትባት አስገባ። ሹልክ ብሎ የገባ አይደለም፤ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቦርድ ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቅዶለታል። በብዙ ሺህ ሽልንግ መሸጥ ጀመረ። ገዥዎቹ እነማን እንደሆኑም ታወቀ፤ የዚያን ጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ሳይቀሩ የተወጉት የመንግሥታቸውን ነጻ ክትባት ሳይሆን ይህንኑ ነበር። መጋቢት 24 ቀን የጤና ሚኒስትሩ ሙታሂ ካግዌ ወጡና ግልጽነትና ተጠያቂነት እስኪኖር ድረስ ማንኛውም የግል ድርጅት ክትባት እንዳያስመጣ፣ እንዳያከፋፍል፣ እንዳይወጋም አገዱ። ከተቆጣጣሪው ፈቃድ እስከ ሚኒስትሩ እገዳ አንድ ወር አልሞላም።

እኛ ይህን እገዳ ስናነብ በመጀመሪያ ደስ አለን። ቆይተን ስናስብ ግን የታሪኩ ተማሪ ጓደኛችን አንድ ጥያቄ ጣለብን፤ ልንዘለውም አልቻልንም። ስፑትኒክ በኮቫክስ በኩል አልመጣም። በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት አላጸደቀውም፤ ኋላም አላጸደቀውም፤ ኮቫክስ ደግሞ ድርጅቱ ያላጸደቀውን አይገዛም ነበር። እንግዲህ ናይሮቢ ላይ በገንዘቡ የተወጋው ሰው ከድኻው ብልቃጥ አንዲት ጠብታ አልወሰደም ማለት ነው። እንዲያውም አንድ ሰው ከሰልፉ ወጣ። «ታዲያ ማን ተጎዳ?» አለ።

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። «የሀብታም ነገር» ብሎ ማለፍ ለስብሰባ ንግግር ይሆናል፤ ለመልስ ግን አይሆንም። ስለዚህ ነጋዴው እስከ መጨረሻው የተፈቀደለትን አገር እንይ፤ ፓኪስታንን።

የፓኪስታን መንግሥት በ2013 አጋማሽ ከቻይና በስጦታ ባገኘው ክትባት ሐኪሞቹንና አዛውንቶቹን በነጻ ይወጋ ነበር። ለወጣቱ ተራ ገና ሩቅ ነው። በየካቲት ወር ነጋዴ እንዲያስመጣ ተፈቀደ፤ ያውም መጀመሪያ ላይ የዋጋ ጣሪያ ሳይኖርበት። በመጋቢት ወር አንድ የካራቺ አስመጪ ኃምሳ ሺህ መርፌ ስፑትኒክ አወረደ። ክትባቱ ካራቺ ከገባ በኋላ መንግሥት ሐሳቡን ለወጠና ጣሪያ አወጣ፦ ለሁለቱ መርፌ 8,449 ሩፒ። አስመጪው «በዚህ ዋጋ አልሸጥም» ብሎ ሲንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም ክርክሩ እስኪያልቅ እንዲሸጥ ፈቀደለት። በመጋቢት መጨረሻ በካራቺ የግል ሆስፒታሎች ደጃፍ ሰልፍ ታየ፤ ሁለቱ መርፌ 12,000 ሩፒ ገደማ፣ ማለት በያኔው ምንዛሪ ሰማንያ የአሜሪካ ዶላር ያህል ይጠየቅበታል። የመጀመሪያው ዙር ወዲያው አለቀ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የክትባቱ ባለቤቶች ሩስያውያን ለውጭ ገበያ አንዱ መርፌ ከአሥር ዶላር በታች ይሆናል ብለው ነበር። ሁለቱ ሃያ ዶላር። ካራቺ ሲደርስ ሰማንያ። አስመጪው ሌባ ነው ለማለት አንቸኩልም። በትንሹ የሚገዛ ሁልጊዜ በውድ ይገዛል፤ ይህን ጉሊት የምትቸረችር እናት ታውቃለች። ስፑትኒክ ደግሞ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ ነው፤ ማጓጓዣውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ሆስፒታሉ የሚቆርጠውም አለ። ሆኖም ኃምሳ ሺህ መርፌ ማለት ሃያ አምስት ሺህ ሰው ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ220 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ፍርድ ቤት፣ የባለ ሥልጣን ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ዐምድ ለሃያ አምስት ሺህ ሰው! ሰልፉን አሳጠረው የሚባለውን ሒሳብ እዚህ ላይ ብናስገባው አንድ ሙሉ ቀን እንኳ የሚያሳጥር አይመስለንም።

ደግሞም ከካራቺው ሰልፍ የበዙት ወጣቶች ነበሩ። በነጻው ሰልፍ ተራቸው ያልደረሰ፣ ሞት እምብዛም የማይነካቸው፣ ገንዘብ ያላቸው ወጣቶች። አንፈርድባቸውም፤ እኛም ካራቺ ብንሆንና አባቶቻችን ቢኖራቸው የምንሰለፍ ይመስለናል። ነገር ግን በሽታው የሚገድለውን ቅድሚያ የሚሰጠው ሕግና ገንዘብ ያለውን ቅድሚያ የሚሰጠው ሕግ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ሁለተኛው ሕግ በየቀኑ የመጀመሪያውን ያሾፍበታል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቀው ሽማግሌ ክትባቱን ባይቀማም ትዕግሥቱን ይቀማል። ትዕግሥት ደግሞ በወረርሽኝ ጊዜ መንግሥት ያለው ትልቁ ሀብት ነው ብለን እናምናለን፤ ከሰልፉ የሚያቆየን ፖሊስ አይደለምና።

ለናይሮቢው ጥያቄም መልሳችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማን ተጎዳ? የተጎዳው መርፌ የተነጠቀ ሰው አይደለም። የተጎዳው ሹሙ ራሱ ያልቆመበትን ሰልፍ እንዲቆም የተነገረው ሰው ነው። ባለ ሥልጣኑ ከነጻው ሰልፍ ሲወጣ፣ ነጻው ሰልፍ ዘገየ ብሎ የሚጮህ ጉልበት ያለው ሰው አብሮ ይወጣል።

እዚህ ድረስ አብረን መጥተን ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ሳለን የሆነ ነገር ግን ከፈለን። አሁን በመካከላችን ያለ አንድ ልጅ እናቱ ስኳር በሽተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንድ ሳምንት ከሚወስዱበት የመንግሥት ፋርማሲ ሄደን «አልቋል» ተባልን። በሁለተኛው ቀንም «አልቋል»፤ በሦስተኛውም። ሰባት ልጆች ሆነን ከተማውን ተከፋፍለን ዞርን። ያገኘነው ከአንድ የግል መድኃኒት ቤት ነው፤ በማቀዝቀዣ፣ በንጽሕና ተቀምጦ። ዋጋው የወር ቀለባችንን ጠራርጎ ወሰደው። አንዳችን በንዴት «ጋሼ፣ ይኼኮ የሰው ሕይወት ነው!» ሲል ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ሽበታም ሰው ናቸው፣ ሳይቆጡ «ልጄ፣ ለዚህ ነው እኮ ያመጣሁት። ዶላሩን ፈልጌ ያገኘሁበትን ዋጋ ብነግርህ አታምነኝም» አሉ። ኢንሱሊኑን ይዘን ወጣን። ልጁ እስከ ዛሬ «እኚያ ሰውዬ ባይኖሩ እናቴ አልነበረችም» ይላል፤ ማናችንም አፍ አውጥተን ልንመልስለት አንችልም።

እንግዲህ «ነጋዴ ከመድኃኒት እጁን ያንሣ» ብለን ልንጽፍ አንችልም። የምንጽፈው ሌላ ነው፦ ኢንሱሊን ክትባት አይደለም። ኢንሱሊን በገበያ ሞልቶ ተርፎ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚጎድለው ዶላሩና አሠራሩ ነው። ነጋዴው ዶላር ፈልጎ አንድ ብልቃጥ ሲያስገባ በአገሩ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ይጨምራል። በ2013 የነበረው ክትባት ግን ዓለም ሁሉ የተሻማበት፣ ፋብሪካው ሌት ተቀን ቢሠራ የማይበቃ ነበር። በዚያ ላይ ትልልቆቹ አምራቾች ክትባቱ ጉዳት ቢያደርስ የካሳውን ዕዳ የሚሸከምላቸው መንግሥት ይፈልጉ ነበር፤ ነጋዴ ይህን ሊፈርም አይችልም። ለዚህ ነው በብዙ ቦታ የነጋዴው እጅ የወደቀው ስፑትኒክና መሰሎቹ የሆኑት። ነጋዴው ክትባት አልጨመረም፤ ከተገኘው ቀዳዳ ጥቂት ቀዳ እንጂ።

ነጋዴውን ከሰልፉ ጎን ሳይሆን ከሰልፉ ውስጥ ያስገቡም ነበሩ። ፊሊፒንስ ኅዳር 18 ቀን 2013 ሠላሳ ያህል ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው 2.6 ሚሊዮን አስትራዜኔካ ለመግዛት ተፈራረሙ። ውሉ የሦስት ወገን ነበር፤ መንግሥት፣ አምራቹና ባለ ሀብቶቹ። ግማሹ ለመንግሥት በስጦታ፣ ግማሹ ለየድርጅቱ ሠራተኛ በነጻ። ለመሸጥ አይደለም። በየካቲት የወጣውም ሕግ ይህንኑ የሦስት ወገን መንገድ አጸና፤ ለተጎጂ ካሳ የሚሆን 500 ሚሊዮን ፔሶም መደበ። እርግጥ ነው፣ የኩባንያ ሠራተኛ የሆነው ከጀልባ ቀዛፊው ቀድሟል የሚል ሰው ትክክል ነው።

ባንግላዴሽ ደግሞ ቤክሲምኮ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያዋን መካከለኛ አድርጋ ከሕንድ ሠላሳ ሚሊዮን ለመግዛት ተዋዋለች፤ አንዱ አምስት ዶላር፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ዶላር የኩባንያው። ሰባት ሚሊዮን ያህል ገባ። በመጋቢት ሕንድ በገዛ ወረርሽኟ ተይዛ ወደ ውጭ መላክ ስታቆም ግን ኩባንያውም፣ ውሉም፣ አንዱም ዶላር ምንም ሊያደርጉ አልቻሉም። የመጀመሪያውን የተወጋው ሕዝብ ሁለተኛውን ሲጠብቅ ወራት አለፉ። በዚያው እገዳ ምክንያት ኮቫክስም ባዶ እጁን ቀረ፤ የኛም ሁለተኛ ዙር ዘገየ። ከዚህ የምንረዳው ነጋዴም ሆነ መንግሥት የሰው ፋብሪካ ደጃፍ ላይ እኩል ለማኝ መሆናቸውን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የዚምባብዌው ባለ ሀብት ስትራይቭ ማሲዪዋ ነገር ነው። ኢኮኔት የተባለውን የስልክ ኩባንያ የመሠረተ ነጋዴ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት ልዩ መልእክተኛ አድርጎ ሾመው። በመጋቢት 2013 የኅብረቱ የክትባት ግዢ ማኅበር ከጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 220 ሚሊዮን ክትባት ለመግዛት ተፈራረመ፤ 180 ሚሊዮን የመጨመር መብትም ነበረው። የአፍሪካ ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ ሁለት ቢሊዮን ዶላር አዘጋጀ። ዋጋው ለሁሉም አገር አንድ፦ 7.50 ዶላር፣ ያውም አንድ መርፌ የሚበቃ። እንዲህ ነው የነጋዴ ዕውቀት! ዋጋ ማስቀነስ፣ መርከብ ማግኘት፣ ባንክ ማሳመን የሚችል ሰው ለራሱ ጎተራ ሳይሆን ለሁሉም ሰልፍ ገዛ። ይህን ስንጽፍ ደስታችን ሙሉ አይደለም። ያ ክትባት የሚታሸገው በደቡብ አፍሪካ አስፐን በተባለ ፋብሪካ ነበር፤ በዚያው ክረምት ከዚያ ታሽጎ ወደ አውሮፓ መላኩ ተጋለጠ። አፍሪካዊ ሳይከተብ አፍሪካ ላይ የታሸገው ባሕር ተሻገረ። ቢጮኽ ጊዜ ስምምነቱ ተለወጠ። ነጋዴ ለሕዝብ ሲሠራም ከሱ የበረታ ገዥ አለ።

አቋማችን ምንድን ነው? እንደምንለው ከሆነ፣ ነጋዴው ይግዛ፤ ግን የገዛው በሕዝቡ መዝገብ ይግባ፤ በመንግሥት ተራ ይሰጥ፤ ዋጋው ከመግባቱ በፊት እንጂ ወደብ ከደረሰ በኋላ አይቆረጥ። የፓኪስታን ችግር ነጋዴ መኖሩ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ሕጉን ዕቃው ከገባ ወዲያ ማውጣቱ ነው። የኬንያም ችግር እገዳው አልነበረም፤ ከእገዳው በፊት ፈቃዱ መሰጠቱ ነው። ሁለቱም ዘንድ ነጋዴው የገባው መንግሥት ቁልፉን ስለ ረሳ ነው።

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የወረርሽኝ ስምምነት አጽድቋል። በሚቀጥለው ወረርሽኝ አምራቾች ከሚሠሩት ክትባትና መድኃኒት ሃያ በመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ ታስቧል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ በስጦታ። ዝርዝሩ ግን በዚያ ቀን አላለቀም፤ ለተጨማሪ ድርድር አደረ። ሰማንያው በመቶ ለማን፣ በማን እጅ፣ በስንት ይሸጣል የሚለውን ስምምነቱ አልወሰነውም። እንደ ወትሮው ቀድሞ ለከፈለ ነው። ስለዚህ የካራቺው በር እንደገና ይከፈታል፤ የሚከፈተውም ናይሮቢ ወይም እዚሁ አጠገባችን ሊሆን ይችላል።

አያቱ ፓስፖርት ያልነበራቸው ጓደኛችንና የታሪኩ ተማሪ ከዚህ ጽሑፍ መደምደሚያ ጋር አልተስማሙም። የናይሮቢው እገዳ ስሕተት ነበር፤ በሕይወት መቆየት የሚችል ሰው በሌላው እኩልነት ስም ሊከለከል አይገባም ይላሉ። ስማቸው በ«እኛ» ውስጥ ቢቆጠርም ይህ አንቀጽ የነሱ ነው፤ የተቀረውን በሚቀጥለው ቁጥር ሊጽፉ ቃል ገብተዋል፤ አዘጋጆቹ ሁለት ገጽ ይተዉላቸው።